ፌስታሉን ይዘው ይምጡ

53 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ነኝ። ጠዋት ከወደቡ ተነስቼ ሰው ዘጌ አደርሳለሁ። አንዳንዴ ወደ ክብራንና እንጦስ ደሴቶች እሄዳለሁ። የንግሥ ቀን ከሆነ ደግሞ ስመላለስ እውላለሁ። ስሜን አልጽፍም። ወደቡ ላይ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ደግሞ የኛ ሰው ቅጽል ስም ለማውጣት ይቸኩላል።

የምጽፈው ስለ ስንፈተ ወሲብ ነው። ከሐኪም አፍ እስክሰማው ድረስ ይህን ቃል በራሴ ላይ ጠርቼው አላውቅም። ለኔ «ያ ነገር» ነበር። «ያ ነገር እምቢ አለ» እላለሁ፣ ለብቻዬ፣ ጠዋት ሞተሩን እያሞቅኩ።

የጀመረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ደክሞኝ ነው አልኩ። ባለቤቴም «ደክሞህ ነው» አለች። ከዚያ አልፎ አልፎው ሁልጊዜ ሆነ። ሰው ሲያፍር ብልጥ ይሆናል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዜና ማየት ጀመርኩ። ዜናው ሲያልቅ ኳስ። ኳሱ ሲያልቅ እሷ ተኝታለች። አንድ ሌሊት ግን አልተኛችም። «ሌላ ይዘሃል እንዴ?» አለችኝ በጨለማው። ዝም አልኩ። እውነቱን ከምነግራት ሌላ ሴት ይዟል ብትለኝ ይሻላል ብዬ ያሰብኩበት ደቂቃ ነበር። እስቲ አሁን ይሄ የጤነኛ ሰው ሐሳብ ነው?

ደም ብዛት ካለብኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ ኪኒኖች እወስድ ነበር። ሽንት ስለሚያስቸግረኝም ማታ ማታ ታምሱሎሲን እውጣለሁ፣ ለፕሮስቴት የታዘዘልኝ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ወንድን የሚገድለው የደም ብዛት ኪኒን ነው» አለኝ። አመንኩት። ነገሩ ከመሬት የተነሳም አይደለም። ሽንት የሚያበዛው ኪኒንና እንደ አቴኖሎል ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ችግሩን ሊያባብሱት እንደሚችሉ ኋላ ሐኪሙም ነግሮኛል። ግን መድኃኒት ካልተስማማ በሐኪም ይቀየራል እንጂ አይጣልም። እኔ ጣልኩት። ሦስት ሳምንት ሳልወስድ ቆየሁ። ያ ነገር አልተመለሰም፤ የመጣው የማጅራት ሕመም ነው። ስለካ 180 በ110። ደንግጬ ተመልሼ መዋጥ ጀመርኩ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

ጾሙን የሚያከብር ባለትዳር ይገባዋል፤ 55 ቀን ሁዳዴ ሲፈታ የሚጠበቀው ዶሮው ብቻ አይደለም። እውነቱን ልናገርና ጾሙ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ወር የሚጠጋ ሰበብ አገኘሁ። ጾሙ ሲወጣ ሰበቤም አብሮ ወጣ። ቅዳሜ ሹር ዕለት ያው ባልደረባዬ ወደ ዳር ጠራኝና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለት ሰማያዊ ፍሬ። ማሸጊያ የለውም። ስም የለውም። ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ የሚል ነገር የለም። ከየት አመጣኸው ስለው «ከሱቅ» አለ። ከየትኛው ሱቅ? ሳቀ።

በፋሲካው ማታ ዶሮ ወጡን አልማርኩትም። ቅቤው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ አረቄ፣ ሁለት መለኪያ፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ። አንዷን ፍሬ ዋጥኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ምንም። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነኝ፣ ምንም። ሁለተኛዋን ዋጥኩ።

እነዚህ ሰማያዊ ፍሬዎች ቪያግራ እያልን የምንጠራው፣ በመድኃኒት ስሙ ሲልደናፊል፣ ናቸው ተብለው ነው የሚሸጡት። ሲልደናፊል ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው። የኔዋ አልሠራችም ማለት አልነበረም፤ ዶሮው ሥር ተቀብራ ነበር። ሌላም ያላወቅኩት ነገር አለ። ኪኒኑ ብቻውን አያስነሳም። ስሜት ሲቀሰቀስ ነው ደሙ እንዲሄድ የሚያግዘው። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሰዓት አያለሁ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። አፍንጫዬ ታፈነ። ራሴን ወጋኝ። የአምፖሉ ዙሪያ ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ። «ምን ሆነሃል?» አለች። ውሃ ልጠጣ ብዬ ብድግ አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የበሩን ደፍ ነው፣ ጉንጬ ሥር።

በባጃጅ ወሰዱኝ፣ እሷና ወንድሟ። ድንገተኛ ክፍል ሲለኩኝ ግፊቴ 80 በ50 ነው። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ልጄ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ወሰዱ?»

«ምንም።»

«መድኃኒት?»

«የደም ብዛቴን ብቻ።»

«መጠጥ?»

«ያው በዓል አይደል።»

የሚስቴ ወንድም እግሬ ሥር ቆሟል። እሱ ፊት ምን ልበል? ሐኪሙ ትንሽ አየኝና ለሁለቱም «እስቲ ካርድ አውጡላቸው» ብሎ ላካቸው። ካርዱ ወጥቷል። አልጋው ላይ፣ ጉልበቴ አጠገብ ተቀምጧል። እሷም አይታዋለች፤ ግን ምንም ሳትል ወጣች። ሐኪሙ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰማያዊ ኪኒን ወስደዋል?» አለኝ።

ነገርኩት። አልሳቀም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ደረቴን ያመኝ እንደሆነ ነው። አያመኝም አልኩ። ቀጥሎ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ደረቱን የሚያመው ሰው ሲመጣ ምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ናይትሬት ይባላል። ሲልደናፊል ለወሰደ ሰው ያንን ብሰጥ ግፊቱ ወርዶ ወርዶ አይመለስም። ደረትዎን አሞዎት፣ ይህን ደብቀውኝ ቢሆን፣ በገዛ እጄ ልገድልዎት እችል ነበር።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል። ናይትሬት የሚወስድ ሰው፣ ናይትሮግሊሰሪንም በሉት አይሶሶርባይድ፣ ሰማያዊውን ኪኒን ጭራሽ አይነካም። ግማሹንም አይነካም። ኪኒኑን ወስዶ ደረቱን ያመመው ደግሞ የማንንም የምላስ ሥር ኪኒን ሳይቀበል ሆስፒታል ይሂድና ገና ከበሩ ምን እንደዋጠና በስንት ሰዓት እንደዋጠ ይናገር። ሲልደናፊል ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የሚባለው ተመሳሳዩ ከሆነ ቢያንስ 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጥም። ብልት ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ አልተኛም ካለም ጉራ አይደለም፣ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ካልታከመ ለዘለቄታው ይበላሻል። ዓይን ወይም ጆሮ በድንገት እምቢ ካለም እንደዚያው።

ጠዋት ሊያሰናብተኝ ሲል «ሐሙስ ተመላላሽ ክፍል እኔ ነኝ» አለኝ። «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐኪሙንም የጓደኛዎንም፣ በፌስታል ይዘው ይምጡ።»

ሐሙስ ሄድኩ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የደም ብዛቱ፣ ታምሱሎሲኑ፣ የራስ ምታቱ። የሚስቴ የጨጓራ ኪኒን ተቀላቅሎ መጥቷል። ጎረቤት የሰጠችኝ የደረቀ ቅጠልም አለ። ከሥር አንበሳ የተሳለባት የማር እሽግ ወጣች። እሷንም ባልደረባዬ ነው የሰጠኝ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ። ሐኪሙ እሷ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ለወንድ» ተብለው የሚሸጡ ማሮችና ቡናዎች በሌላ አገር ሲመረመሩ ውስጣቸው ራሱ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቷል አለኝ፣ ማሸጊያቸው ላይ ሳይጻፍ። ማር ላስኩ ብሎ የሚያምን የልብ ሕመምተኛ ሳያውቀው ኪኒኑን ዋጠ ማለት ነው።

ከዚያ የፋሲካውን ሌሊት አስረዳኝ። የደም ብዛቱ ኪኒን ግፊት ይቀንሳል። ታምሱሎሲኑ የደም ሥር ያላላል። አረቄውም እንደዚያው። በዚያ ላይ ልካቸው የማይታወቅ ሁለት ፍሬ። ጀልባ ስለምነዳ ወዲያው ገባኝ። አራቱም ተሳፋሪ በአንድ ጎን ተቀምጦ ነበር።

ጠየቀኝ። መቼ ጀመረህ፣ ጠዋት ስትነቃስ ይቆማል ወይ፣ ታጨሳለህ፣ ትቅማለህ፣ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ? በእርግጥ «አንቱ» እያለ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ጠዋት ጠዋት የሚቆም ከሆነ መንስኤው ከአካል ይልቅ ጭንቀት ወይም ከትዳር ጋር የተያያዘ ነገር ሊሆን ይችላል አለ። የኔ ጠዋትም ጠፍቷል። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ቢወጡ ደረትዎን ያምዎታል ወይ አለኝ። የምኖረው ምድር ቤት ነው፤ ፎቅ የለኝም። ግን ባለፈው ጥቅምት እንግዶች ይዤ ቤዛዊት ኮረብታን በእግር ወጥቼ ነበር። ከማላቤ በቀር ምንም አልነበረም። እሱን ነገርኩት። «ጥሩ፣ ከደረጃው ይበልጣል» አለ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ግንኙነት ራሱ ለልብ ሥራ ነው፤ ልብ ያንን የማይችል ከሆነ ኪኒኑ አይታዘዝም።

ደም ሰጠሁ። ልብ በኤሌክትሪክ የሚነበብበትን ኢሲጂ ተነሣሁ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 186። በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ይባላል። ማን ያውቅ ነበር? እኔ ለዓመት ስኳር ይዤ ስዞር ያስጠነቀቀኝ ያ የማፍርበት ነገር ነው። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ከልብ የደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስኳርና ደም ብዛት ሲያበላሹ ብዙ ጊዜ እዚያ ቀድሞ ይታወቃል አለኝ። ይህም ከሞተር ሥራ የማውቀው ነው። ነዳጅ ሲቆሽሽ መጀመሪያ የምትደፈነው ቀጭኗ ቀዳዳ ናት። ትልቁ ቱቦ ተራው እስኪደርስ ይቆያል።

ሽንት የሚያበዛውን ኪኒን አስወጣና በአምሎዲፒን ተካው። ለስኳሩ ሜትፎርሚን ሰጠኝ። ለያ ነገር ደግሞ ሲልደናፊል 25 ሚሊግራም ጻፈልኝ። አብዛኛው ሰው በ50 ይጀምራል፤ ታምሱሎሲን ለሚወስድ፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ለደከመ ግን ከዝቅተኛው ነው የሚጀመረው። ከ100 በላይ ለማንም የለም። በ24 ሰዓት ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ የለም።

መድኃኒት ቤት ማዘዣውን አራት ቦታ አጥፌ ለባለሙያዋ ልጅ ሰጠኋት። ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሟል። ልጅቷ ዘርግታ አነበበችው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» አለች። የልብ መድኃኒት? የፈንገስ? ኤሪትሮማይሲን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ? የኤችአይቪ መድኃኒት? አንዳንዶቹ ሲልደናፊሉ ደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋሉ፣ ትንሿ ልክ ትልቅ ትሆናለች። ታምሱሎሲን አልኳት። በአራት ሰዓት አራርቀው ይውሰዱት አለችኝ። ይህን ሁሉ በተለመደ ድምፅ ነው የምትናገረው፣ የጉንፋን መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰው። ማሸጊያው ላይ ስሙ፣ ሚሊግራሙ፣ የምርት ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ። ያን ቀን ሳየው የወረቀቷ ጥቅል ትዝ አለችኝ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። እራት ቀለል አድርጌ በጊዜ እበላለሁ፣ ሽሮ ወይም የተጠበሰ ሳይሆን የተቀቀለ ዓሣ። አረቄ የለም። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ በውሃ እውጣለሁ። ጉልበቱ አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ስለዚህ መጣደፍ የለም። ስነሳ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ ነው የምቆመው። የበሩ ደፍ አስተምሮኛል።

መጀመሪያ ስሞክረው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳው ቀን ነበር፣ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት። ምቹ ወቅት። አልሠራም። ሁለተኛው ግማሽ ግማሽ። በፋሲካው ልምድ ቢሆን ሌላ እደግም ነበር። ግን ሐኪሙ በአንድ ሙከራ ተስፋ አይቁረጡ፣ ራስዎ አይጨምሩ፣ መጥተው ይንገሩኝ ብሎኛል። ነገርኩት። ግፊቴን ለካ፣ ወደ 50 አሳደገው። እዚያው ላይ ነኝ። ራስ ምታትና የአፍንጫ መታፈን አለው፣ ጠዋት የለም። ሁልጊዜ ይሠራል ማለትም አልችልም። ስኳሬ ከወረደና ሲጋራውን ካቆምኩ ወዲህ ተሽሎታል።

ለባለቤቴ ምን ብዬ ነገርኳት? አልነገርኳትም፤ ከሆስፒታል በተመለስንበት ጠዋት ቡና እያፈላች ራሷ ጀመረችው። «ካርዱ እኮ አልጋው ላይ ነበር» አለች። ከዚያ ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። «እኔ እኮ ሴት ይዘሃል ብዬ ስንት ቀን እንባዬን አፈሰስኩ። ይሄ ነው?» ይሄ ነው አልኳት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቀጠሮዬን የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

ወደቡ ላይ የ22 እና የ23 ዓመት ልጆች ቅመው ሲያበቁ ይህን ኪኒን እንደ ከረሜላ ሲወረውሩ አያለሁ። ምንም ችግር የለባቸውም። ጫቱ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይሰቅላል፤ ኪኒኑ ወደ ታች ይጎትታል። ከዚያ ያለ ኪኒን ራሳቸውን ማመን ያቅታቸዋል። አንዱን ልመክር ሞክሬ «አባባ፣ እርስዎ አርጅተው ነው» ብሎኛል። ይሁን።

ባለፈው ወር ያ ባልደረባዬ ጀልባዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ዘጌ ደርሼ መመለሴ ነው። ዙሪያውን አየና «ያንተው የመድኃኒት ቤት ነው አሉ። አንዷን ስጠኝ፣ የሱቋ አልሠራልኝ አለች» አለኝ።

«ሌላ ምን ትወስዳለህ?» አልኩት። ልጅቷ እንደጠየቀችኝ።

«ምንም።»

«ኪስህን እስቲ።»

እየሳቀ ገለበጠው። ቁልፍ፣ የተጣጠፈ ብር፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ። ጠርሙሷን አነሳኋት። ውስጧ ደቃቅ ነጭ ፍሬ አለ።

«ይቺስ?»

«እሷማ የደረቴ ናት። ዳገት ስወጣ ስለሚጨንቀኝ ከሁለት ወር ወዲህ ሰጡኝ። ምላሴ ሥር ነው የማደርጋት።»

«ሰማያዊውንስ መጨረሻ መቼ ዋጥክ?»

«ቅዳሜ።»

ያን ቀን ሰኞ ነው። ለትንሽ ጊዜ መናገር አቃተኝ። ከዚያ የዘጌ ሰዎች የሰጡኝን ማንጎ ከፌስታሉ አውጥቼ ጀልባው ወለል ላይ ደረደርኩ። ፌስታሉን አራግፌ ሰጠሁት።

«ሐሙስ በሁለት ሰዓት በር ላይ እጠብቅሃለሁ» አልኩት። «ቤት ያለውን ሁሉ እዚህ ውስጥ ክተት። ማሩንም።»